ጆሮ የሌለው ሳጥን

የሬዲዮ ባለሙያ ነበርኩ ስል ሰው ሁሉ ዜና አንባቢ እመስለዋለሁ። ቦንጋ ገበያ ውስጥ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ «ድምፅሽን ሰምቼው አላውቅም፤ በስንት ሰዓት ነው የምትቀርቢው?» ብላኛለች። በሬዲዮ ቀርቤ አላውቅም። ሥራዬ የሬዲዮ ሞገድ ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ሌላ ቦታ እስኪደርስ በመንገዱ ላይ የሚገጥመውን ማጥናት ነበር። ኮረብታ ሲያጋጥመው ምን ይሆናል? እርጥብ ቅጠል ምን ያህሉን ይውጠዋል? ጉም ሲወርድስ? አንቴናው የት ላይ ቢቆም፣ ወዴት ቢዞር ይሻላል? ለዚህ ጥያቄ ከካፋ ጫካ የተሻለ አስተማሪ አላየሁም። ከእሱ የባሰ አስቸጋሪም አላየሁም።

ዘንድሮ ጡረታ ወጣሁ። መሥሪያ ቤቱ ኬክ አስቆረሰኝ፤ ባልደረቦቼ አንድ ጋቢና አንድ የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ። ኃላፊው ባደረገው ንግግር ውስጥ «በዚህ ሁሉ የአገልግሎት ዘመኗ አንድም ስሕተት ያልተገኘባት» የሚል ነበረበት። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ እጆቼን ከጭኔ ላይ አላነሣሁም። ይህን የምጽፈው በዚያ ጭብጨባ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ የተመደብኩት ዋጫ ነው። ከከተማው በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ሲግናል ተቀብሎ ወደ ቀጣዩ ኮረብታ የሚያሻግር ጣቢያ ነበረን፤ አንድ የብረት ማማ፣ አንድ የቆርቆሮ ክፍል፣ አንድ ዘበኛ፤ ዙሪያውን ቡና። አለቃዬ ጋሽ አስራት ነበሩ። በወጣትነታቸው በሠራዊቱ ውስጥ የመገናኛ ሰው የነበሩ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው። እስክሪብቶ አይዙም፤ በጉም ውስጥ ቀለም ስለሚፈስ ሁልጊዜ እርሳስ ነው። ኪሳቸው ውስጥ ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ የተቆረጠ ቅዳጅና ቁራሽ ሻማ አይጠፋም። የገመድ መገናኛ ባገኙ ቁጥር በጎማው ይጠቀልሉታል፣ በሻማው ያሹታል፣ ከዚያ ሕፃን እንዳስተኛ ሰው መታ መታ አድርገው ይተዉታል።

አንድ ቀን ዘበኛው ሥራ ሊለቅ መሆኑን ነገረን። ምክንያቱን ስንጠይቀው አንገቱን ደፍቶ «ከሰዓት በኋላ ሴት ታለቅሳለች። ሳጥኑ ውስጥ» አለ። እኔ ሳቅኩ። ስምንት ሰዓት ሲሆን ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግኩና ሳቄ ቆመ። ታለቅሳለች። ሳግ አለው፣ ትንፋሽ አለው፣ አንዳንዴ ረጅም ዝምታ አለው። መቀበያውን ፈታሁ፣ ገጠምኩ፣ ገመድ ቀየርኩ። ሦስት ቀን ሙሉ አለቀሰች።

ጋሽ አስራት በአራተኛው ቀን መጡና ምንም ሳይነኩ ማማው ሥር ተቀመጡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሣ፤ እሳቸውም ተነሡ።

«አንቺ አዳምጪ። ስትቆም ጩኺ» አሉኝ።

ማማውን ወጥረው የያዙትን የብረት ገመዶች ተራ በተራ በእጃቸው ይጨብጡ ጀመር። አንደኛውን ያዙ፤ ታለቅሳለች። ሁለተኛውን፤ ታለቅሳለች። ሦስተኛውን ሲጨብጡ ልቅሶው ተቆረጠ። ዝጎ የላላ ማሰሪያ ነፋስ ሲነካው ብረት ከብረት እየተፋተገ ሞገዱን ይረብሸው ነበር። በጎማ ጠቀለሉት፣ ሻማ አሹት፣ መታ መታ አደረጉት። ዘበኛው ሥራውን አልለቀቀም።

ማታ መዝገቡን ስጽፍ «የሴት ልቅሶ የሚመስል ድምፅ» ብዬ ጀመርኩ። ከትከሻዬ በላይ አነበቡት።

«‹የሚመስል›ን ሰርዢ። ስንት ሰዓት ተሰማ፣ ምን ያህል ቆየ፣ መቼ ቆመ። የሰማሽውን ጻፊ፤ የመሰለሽን ቤትሽ ይዘሽው ሂጂ።»

ከዚያ ወዲህ በዚሁ ደንብ ኖርኩ። ለብዙ ዓመት፣ ከጫካ የሚመጣ ማንኛውም ድምፅ ጨብጬ ዝም የማሰኘው አንድ የላላ ገመድ ያለው ይመስለኝ ነበር።

የቦንጋው ጥናት የተጀመረው ከሃያ ዓመት በፊት ገደማ ነው። ሞባይል ከከተማው አልፎ ጫካ አልገባም ነበር። ራቅ ያሉት ጤና ኬላዎች በመገናኛ ሬዲዮ ከቦንጋ ጋር እንዲነጋገሩ ታስቦ፣ ማማዎቹ የት የት ቢተከሉ እንደሚሻል እንድናጠና ታዘዝን። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ሰው ትንሽ ማሠራጫ ተሸክሞ ጫካ ይገባል። በየመቶ እርምጃው ይቆምና ቁልፉን ተጭኖ ከአንድ እስከ አሥር ይቆጥራል። እኛ ገላጣ ቦታ ላይ መቀበያና አንቴና ይዘን መርፌው የሚያሳየውን እንመዘግባለን። ሰውየው በራቀ ቁጥር መርፌው ይወርዳል፤ ከአወራረዱ ጫካው ምን ያህሉን እንደሚበላ እናሰላለን።

ማሠራጫውን የነደፍኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ንድፍ መናገሪያም መስሚያም ነበረው። ክብደቱ በዛ፤ ባትሪውም ግማሽ ቀን አይቆይም። መስሚያውን አወጣሁት። ሳጥኑ በግማሽ ቀለለ፣ ባትሪው ሁለት ቀን ያህል ቆየ። ደስ አለኝ። ጋሽ አስራት ሳጥኑን እጃቸው ላይ አገላበጡት።

«ይናገራል እንጂ አይሰማም?»

«መስማት አያስፈልገውም። የተሸካሚው ሥራ መቁጠር ብቻ ነው።»

«የሚሸከመው ሰው ነው፤ በቅሎ አይደለም» አሉ። ንድፉ የእኔ ነበርና አልከለከሉኝም።

ተሸካሚው ኮቺቶ ይባላል። ከቦንጋ ወደ ዋጫ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለች ቀበሌ ነው፤ ከእኔ ጋር እኩያሞች ነን። ሙያው ማር ነው። ወገቡ ላይ ገመድ አስሮ፣ ቀፎውን በጀርባው አዝሎ፣ ቅርንጫፉ ከታች የማይታይ የቀረሮ ዛፍ ላይ ሲወጣ አይቼዋለሁ። እግሩ እንደ እጅ ይጨብጣል። መጀመሪያ ላይ በአማርኛ እንዲቆጥር ነግሬው ነበር። ጫካ ከገባ በኋላ ግን የሚመጣልን «ኢኮ፣ ጉቶ፣ ኬሞ» የሚለው የካፊኖኖ ቁጥር ነው። ለምን ስለው «እዛ ውስጥ አማርኛ የሚሰማ የለም ኢንጅነር» ብሎ ሳቀ። ለእኛም ለውጥ አያመጣም ነበር። መርፌ ቋንቋ አያውቅም።

የዚያን ዕለት አዲስ መስመር ጀመርን፤ ከገላጣው ተነሥቶ ወደ ጥልቅ ሸለቆ የሚወርድ መስመር ነው። ከሸለቆው ማዶ፣ በምዕራብ በኩል፣ ውሃ የሚያዥበት ረጅም የድንጋይ ግድግዳ ቆሟል። ጋሽ አስራት ቦንጋ ስብሰባ ነበራቸው። እኔ፣ ኮቺቶና ሾፌራችን መኩሪያ ብቻ ነበርን። ከጎረቤት ማሳ አንድ ሽማግሌ ገበሬ፣ አቶ ወልዴ፣ መጥተው ከኮቺቶ ጋር በካፊኖኖ ተነጋገሩ።

«ምን አሉህ?» አልኩት።

«ቦታው ባለቤት አለው ነው የሚሉት። ሰላም ብለህ ግባ ይላሉ።»

«ታዲያ?»

«ሰላም ብዬ እገባለኋ» አለና ሳጥኑን አንግቶ ወረደ።

እስከ አሥራ ስምንተኛው ቆጠራ ድረስ ሁሉም ደህና ነበር። ከዚያ ጉም ወረደ። በካፋ ጉም ከላይ አይመጣም፤ ከዛፎቹ መሃል ቀስ ብሎ እየወጣ አጠገብሽ ይቆማል። ጉሬዛዎቹ ዝም አሉ። አሥራ ዘጠነኛው ቆጠራ ሳይመጣ ከአንድ ሰዓት በላይ አለፈ። መርፌው ዜሮ ላይ ተኝቷል። ከዚያ ድንገት ብድግ አለ።

ቁልፉ ተጭኗል፤ የሚናገር ግን የለም። ውሃ ይሰማል። ትንፋሽ ይሰማል። የሆነ ነገር ከድንጋይ ጋር ይፋተጋል። ማዳመጫውን በሁለት እጄ ጨብጬ ቆየሁ።

«ኢንጅነር» አለ ኮቺቶ። «ወደቅኩ። እግሬ ድንጋይ ውስጥ ገብቷል፤ አይወጣም።»

ሳላስበው መኪናው ውስጥ ያለውን ሬዲዮ አንሥቼ «ኮቺቶ! የት ጋ ነህ?» ብዬ ጮህኩ። መኩሪያ አየኝ። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ሳጥኑ ጆሮ የለውም። ጆሮውን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

አቅጣጫውን መፈለግ ያዝኩ። እንደ ዓሣ አጥንት የተደረደሩ ዘንጎች ያሉትን አንቴና ይዤ፣ ኮቺቶ ቁልፉን በተጫነ ቁጥር ቀስ ብዬ ዞርኩ። መርፌው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ድንጋዩ ግድግዳ ስዞር ወደ ላይ ተሰቀለ። የማያሻማ ነበር። ጋሽ አስራት ለዓመታት ያስተማሩኝ ግን ሌላ ነበር። አንድ የመርፌ ንባብ ንባብ አይደለም፤ ቦታ ቀይረሽ ሁለተኛ ውሰጂ፣ ሦስተኛ ውሰጂ፤ መስመሮቹ የሚገናኙበት ነው ሰውሽ ያለው። ሁለተኛውን ለመውሰድ ከኋላችን ያለውን ጉብታ መውጣት ነበረብኝ፤ በጭቃው አንድ ሰዓት ይፈጃል። መርፌው ደግሞ ይወዛወዝ ነበር፤ አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ። እየተንቀሳቀሰ መሰለኝ። እግሬ ተይዟል እያለኝ እየተንቀሳቀሰ ነው ብዬ አሰብኩ፤ መርፌውን ከሰውየው አስበልጬ አመንኩ። በነፋስ የሚወዛወዝ እርጥብ ቅጠል መርፌን እንደዚያ እንደሚያደርግ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ያን ዕለት አላወቅኩም።

አቶ ወልዴ የጠሯቸው ስምንት ገበሬዎች ገጀራና ገመድ ይዘው መጡ። እጄን ወደ ምዕራብ ዘረጋሁ።

«በዚያ በኩል ነው» አልኳቸው።

ሸለቆውን በላይኛው ማቋረጫ ተሻግረው ሄዱ። ሲጣሩ ድምፃቸው እየራቀ ሄደ፤ ከዚያ ጉሙ ዋጠው። እኔ፣ መኩሪያና አቶ ወልዴ መቀበያው ዘንድ ቀረን። ማዳመጫውን ነቅዬ ድምፁ ለሁላችንም እንዲሰማ አደረግኩት። ኮቺቶ አንዳንዴ ይቆጥራል፣ አንዳንዴ ባለቤቱን ማርታን በካፊኖኖ ይጠራል፤ አቶ ወልዴ ይተረጉሙልኛል። ባትሪው እንዳያልቅ ሲጨርስ ቁልፉን ይለቃል። ብልህ ሰው ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ነገሩ ተለወጠ። መዝገቡ ላይ እንደጻፍኩት ላስቀምጠው።

«አዎ፤ እዚህ ነኝ።»

ቁልፉ ተለቀቀ። ዝምታ። እንደገና ተጫነ።

«ግራው ነው። ቀኙ ደህና ነው።»

ዝምታ፤ ከፊተኛው የረዘመ።

«አልተኛም። እሺ አልኩሽ እኮ፤ አልተኛም።»

መኩሪያ ከመኪናው ወርዶ አጠገቤ ቆመ። «አገኙት ማለት ነው?» አለ። ከምዕራብ በኩል የገበሬዎቹ ጥሪ ከሩቅ መጣ፤ አሁንም እየፈለጉ ነው።

«አትቸኩዪ» አለ ኮቺቶ ከሳጥኑ። «ቀስ ብለሽ ንገሪኝ። ውሃው ስለሚጮህ አይሰማኝም።»

ዝምታ። በጣም ረጅም። እኔ እርሳሱን ወረቀቱ ላይ እንዳደረግኩ ቀረሁ።

«ኧረ አታልቅሺ።»

መኩሪያ አማተበ። «ከማን ጋር ነው የሚያወራው?»

ከድንጋጤዬ ለማምለጥ ወደ አቶ ወልዴ ዞሬ «ሕመሙ አእምሮውን አዛብቶት ይሆናል፤ ወይም እናንተ የምትሉት የቦታው ባለቤት ይሆናላ» አልኩ። ለመቀለድ ነበር። ሽማግሌው አልሳቁም። ከሳጥኑ በሚወጣው ድምፅ ላይ ጆሯቸውን ጥለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቢቃዥ በእናቱ ቋንቋ ነበር የሚቃዠው» አሉ። «የቦታው ባለቤት ደግሞ አማርኛ አያውቅም።»

ንግግሩ ቁርጥ ቁርጥ እያለ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቆየ፤ ከዚያ እስኪነጋ ቁልፉ አልተጫነም። የሴት ድምፅ በመቀበያው ውስጥ አንድ ጊዜም አልተሰማም። ሲጨልም ገበሬዎቹ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። መኩሪያ ጋሽ አስራትን ሊያመጣ ወደ ቦንጋ ነዳ። ያን ሌሊት ዘነበ።

ጋሽ አስራት ገና ሲነጋጋ ደረሱ። አልጮሁብኝም። መዝገቡን ተቀበሉኝና ቆመው አነበቡት። ጎን ላይ የጻፍኳቸውን ሰዓቶች በጣታቸው ተከተሉ፤ በንግግሮቹ መሃል ያሉትን ዝምታዎች እያሰሉ ነበር። ብቻውን የሚያወራ ሰው ዝምታው ይመሳሰላል። የኮቺቶ ዝምታዎች አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም ናቸው፤ ልክ ሌላ ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ የሚጠብቅ ይመስላሉ። ጋሽ አስራት መዝገቡን ዘጉት።

ሁለተኛውን ንባብ ከጉብታው ላይ ወሰዱ። ሦስተኛውን ከመንገዱ ዳር። ከዚያ አንቴናውን አስቀመጡና ከቦንጋ ይዘው የመጡትን ትንሽ የእጅ መቀበያ ደረታቸው ላይ አስጠግተው በቀስታ ዞሩ። የሰው አካል ውሃ ነው፤ ሞገድ ይጋርዳል። ሰውየው ከጀርባሽ ሲሆን ድምፁ ይደክማል። ከመቀበያው ውስጥ ኮቺቶ በሰለለ ድምፅ «ኢኮ፣ ጉቶ» ሲል እሳቸው ዞሩ፣ ዞሩ፣ ፊታቸው ወደ ምዕራብ ሲሆን ድምፁ ጠፋ። ጀርባቸው ወደ ምሥራቅ ነበር።

«ትናንት ያናገረሽ ገደሉ ነው» አሉኝ። «ሰውየው ከኋላሽ ነበር።»

ሞገዱ በስተምሥራቅ ካለ አንድ ስርጥ ወጥቶ፣ ማዶ ባለው እርጥብ የድንጋይ ግድግዳ ላይ ተላትሞ፣ ተመልሶ ነበር ወደ እኔ የመጣው። መስታወት ውስጥ ያየሁትን ሰው ፍለጋ ስምንት ሰው ልኬ ነበር።

ኮቺቶ በጉሙ መንገድ ጠፍቶበት ወደ ኋላ ሲመለስ ሳያየን አልፎን ነበር። ገበሬዎቹ እኔ ከቆምኩበት ቦታ ሩቅ በማይባል ስርጥ ውስጥ፣ ሁለት ቋጥኞች መሃል አገኙት። ከእሱ ሥር ወንዙ ሞልቶ ነበር። በቃሬዛ አወጡት። በሕይወት አለ፤ ከንፈሩ ግን አመድ መስሏል። ግራ እግሩን አየሁት፤ ከቁርጭምጭሚቱ በታች ጠቁሯል። ከቦንጋ ወደ ጅማ ላኩት። እዚያ ያለው ሐኪም ለባለቤቱ ለማርታ «በትናንትናው ዕለት ቢደርስ ኖሮ እግሩ ይተርፍ ነበር» አላት። በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። ሰምቻለሁ።

እግሩ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ ዛፍ አልወጣም።

ኃላፊያችን ለበላይ የሚላከውን ሪፖርት ሲያረቅቅ «በአካባቢው በነበረው ጉም ምክንያት ፍለጋው ዘግይቷል» ብሎ ጻፈ። እንድፈርም አቀረበልኝ። ፈረምኩ። ከሳጥኑ የወጣውን መስሚያም፣ ያልተወሰደውን ሁለተኛ ንባብም የሚያነሣ አንድ መስመር አልነበረበትም። ጋሽ አስራት ኮሪደር ላይ አገኙኝና «ለሰውየው ነግረሽዋል?» አሉ።

«አልነገርኩትም።»

«ንገሪው።»

ጅማ ሆስፒታል አንድ ጊዜ ጠየቅኩት። ምን ሆነህ፣ እንዴት ነህ ብዬ ብርቱካን አስቀምጬ ወጣሁ። ኮቺቶ በዓይኑ ሲከታተለኝ ነበር፤ ልብ ብሎ፣ ግራ እንደተጋባ ሰው። የሚጠይቀኝ ነገር ያለው ይመስል ነበር። አልጠየቀኝም፤ እኔም ዕድል አልሰጠሁትም።

በዚያው ዓመት ወደ ጌሻ ወረዳ፣ ወደ ደካ እንዲያዛውሩኝ አመለከትኩ። ደካ ብርድ ነው፤ ቀርከሃው ሲያፏጭ ይውላል። ሰዎች ቅጣት መሰላቸው፤ እኔ ግን የፈለግኩት ከዋጫ መንገድ መራቅ ነበር። እዚያ ብዙ ሠራሁ። ዛሬ የምንጠቀምባቸው ማሠራጫዎች ሁሉ፣ የቱንም ያህል ትንሽ ቢሆኑ፣ መስሚያ አላቸው። በመመሪያ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ስብሰባ ላይ ምክንያቱን ሲጠይቁኝ «ተሸካሚው ሰው ስለሆነ» ብቻ እል ነበር።

ጋሽ አስራት በተገናኘን ቁጥር ያንኑ ጠየቁኝ፤ በሰርግ ላይም፣ በለቅሶ ላይም። «ለሰውየው ነግረሽዋል?» ለመጨረሻ ጊዜ የጠየቁኝ አልጋ ላይ ሆነው ነው። «እነግረዋለሁ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከቀብራቸው በኋላም ዓመታት አለፉ።

እንግዲህ ዘንድሮ ያ ጭብጨባ መጣ። በሳምንቱ ከቦንጋ ባጃጅ ተኮናትሬ ወደ ኮቺቶ ቀበሌ ሄድኩ። ባጃጁ እስከ ድልድዩ አደረሰኝ፤ ከዚያ በእግሬ በእንሰቶች መሃል ወጣሁ። ከቀትር በኋላ ነው፤ ጉም የለም፤ ሰማዩ ንጹሕ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ «ቤቶች!» አልኩ።

ማርታ ወጣች። አርጅታለች። አላወቀችኝም። ከጥቂት ዓመት በፊት እንቅርቴን በቀዶ ሕክምና ካስወጣሁ ወዲህ ድምፄ እንደ ወንድ ሻክሯል፤ በስልክ የገዛ እህቴም ትሳሳታለች። ስሜን ነገርኳት። ፊቷ ላይ አንድ ነገር ተዘጋ።

«ግቢ» አለችኝ፤ «እሱ ጓሮ ነው።»

ኮቺቶ ዝግባ ሥር ተቀምጦ ቀፎ ይሠራል። ራሱ ግን አይሰቅልም፤ ሌሎች ይሰቅሉለታል። ክራንቹ አጠገቡ ተጋድሟል። ቀና ብሎ አየኝ፤ ጠጉሩ ነጭ ሆኗል። «ኢንጅነር» አለ፤ እጁ ሥራው ላይ እንደቆመ ቀረ። አጎንብሼ ጨበጥኩት፤ ካጠገቡ ባለው ግንድ ላይ ተቀመጥኩ።

«ኮቺቶ፣ ልነግርህ የመጣሁት ነገር አለ።»

«ንገሪኛ።»

ሁሉንም ነገርኩት። ሳጥኑ መጀመሪያ ጆሮ እንደነበረው፣ እኔ እንዳወጣሁት፤ ጉብታውን መውጣት ስለከበደኝ ሁለተኛ ንባብ እንዳልወሰድኩ፤ እሱ በምሥራቅ ሆኖ ሰዎቹን ወደ ምዕራብ እንደላክኩ፤ ሐኪሙ ያለውን፣ የፈረምኩትን ወረቀት፣ ደካ የሄድኩበትን ምክንያት። መሃል ላይ ድምፄ ተቆራረጠ፤ ዓይኔን በነጠላዬ ጠረግኩ። ማርታ በጓሮው በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ይቅርታ አድርግልኝ ብዬ ጨረስኩ።

ኮቺቶ ልጡን አንድ ጊዜ አዙሮ ቋጠረ።

«ይሄን እኮ አውቀዋለሁ» አለ።

«ጋሽ አስራት ነገሩህ?»

«አንቺ ነሽ የነገርሽኝ።»

«መቼ?»

«ያን ቀን ነዋ። ድንጋዩ መሃል ሆኜ።» ወደ ቁርጡ እግሩ ተመለከተ። «እግሬን በገጀራ ቆርጬም ቢሆን ወደ ወንዙ ልወርድ ነበር፤ ወንዙ መንገድ ጋ ያደርሰኛል ብዬ። አንቺ ነሽ ያስቀረሽኝ። ‹በተሳሳተ በኩል ነው የፈለግኩህ፤ ዛሬ አይመጡም፤ ነገ ይመጣሉ፤ ከዚያ እንዳትነቃነቅ› አልሽኝ። ሌሊት ወንዙ ሞላ። ወርጄ ቢሆን ኖሮ ወስዶኝ ነበር።»

«ኮቺቶ፣ ያን ቀን በተሳሳተ በኩል እንደፈለግኩህ እኔም አላውቅም ነበር። ያወቅኩት በማግስቱ ነው። ሳጥኑም አይሰማም ነበር።»

«እኔ የሳጥን ነገር አላውቅም።» ትከሻውን ነቀነቀ። «አንድ ነገር ብቻ ግራ ሲገባኝ ኖሯል። ድምፅሽ የሻከረ ነበር፤ የትልቅ ሴት ድምፅ። ብርድ ነው አልኩ። በኋላ ጅማ ስትመጪ ደግሞ በዚያ በቀጭኑ ድምፅሽ አወራሽኝ። እንግዲያው ሌላ ሴት ናት አልኩ፤ ለማንም አልተናገርኩም።» ቀፎውን ከጭኑ ላይ አውርዶ መሬት አስቀመጠው። «ቅድም በር ላይ ‹ቤቶች› ስትይ ነው ያወቅኩት። ይሄ ያሁኑ ድምፅሽ ነው።»

ከግንዱ ላይ ብድግ አልኩ። ማርታ ከበሩ ወደ እኛ መጣች፤ መጀመሪያ እሱን፣ ከዚያ እኔን አየች። ፊቷ ላይ የተዘጋው ነገር እንደ መላላት ብሎ ነበር።

«ተው እንጂ» አለችው፤ «ሴትዮዋን አታስፈራራት።»

«ምን ያስፈራል?» አለ ኮቺቶ፤ እኔ የሌለሁ ይመስል ለእሷ ብቻ። «እስኪነጋ ድረስ ብቻዬን አልተወችኝም እኮ።»